ማኑስክሪፕቱን ከመላካችሁ በፊት ሪፈረንሱን እዩት

ሰሞኑን ጎንደር፣ ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ የአንዲት የማስተርስ ተማሪ ማኑስክሪፕት፣ ማለትም ለጆርናል የሚላክ ጽሑፍ፣ አየሁ። ጥናቷ ጥሩ ነው። ዳታው ንጹሕ ነው፣ ትንተናው ተለፍቶበታል። ሪፈረንሱ (የምንጮች ዝርዝሩ) ጋ ስደርስ ግን ቁጥር 1 ላይ «ኦርጋናይዜሽን ደብሊው. ኤች.» የሚባል ደራሲ ተቀምጧል። ቁጥር 4 ላይ ደግሞ «ሲኤስኤ አይ.» አለ።

እንዲህ የሚባሉ ሰዎች የሉም። የመጀመሪያው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። ሁለተኛው የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አብረው የሠሩት ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ (ሲኤስኤ) እና አይሲኤፍ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ናቸው። ይህን ስህተት በየዓመቱ፣ በየቴሲሱ አየዋለሁ። ታትመው በወጡ ጽሑፎች ላይም ሞልቷል። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪፈረንስ የሚያደራጀው ሶፍትዌር፣ ዞቴሮም ሆነ ኤንድኖት፣ ደራሲ ሁሉ ሰው ይመስለዋል። የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይይዛል፤ ከፊት ያሉትን ወደ አንዳንድ ፊደል ያሳጥራቸዋል። ድርጅት የነበረው ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። ማስተካከያው ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዞቴሮ ላይ ከደራሲው ስም አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትጫኑ ሁለቱ የስም ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ። የድርጅቱን ሙሉ ስም እዚያ ጻፉ። ኤንድኖት ላይ ደግሞ ከድርጅቱ ስም መጨረሻ ኮማ አድርጉ። በቃ፣ ስሙ እንዳለ ይወጣል።

ዳሰሳውን ካነሳሁ አይቀር፦ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው ዳሰሳ ሪፖርቱ የታተመው በ2017 ነው። ሁለቱን ዓመታት ሰው ያምታታቸዋል። የ2019ኙን አነስተኛ ዳሰሳ ያወጡት ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና አይሲኤፍ ናቸው፤ ማዕከላዊ ስታትስቲክስ አይደለም። ከጓደኛ ቴሲስ ኮፒ ስታደርጉ ይህ ሁሉ ይደበላለቃል። ሪፖርቱን ራሱን ክፈቱት። እንዴት እንደሚጠቀስ መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ተጽፎላችኋል።

ከዚህ የሚብሰው ያላነበቡትን መጥቀስ ነው። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። የመጀመሪያ ማኑስክሪፕቴ ላይ አንድ መቶኛ ከሌላ ሰው መግቢያ ወስጄ፣ እሱ የጠቀሰውን ጽሑፍ ጠቀስኩ። ጽሑፉን ግን አልከፈትኩትም። ገምጋሚው «ይህ ቁጥር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም» ብሎ መለሰልኝ። ያኔ ከፈትኩት። እውነቱን ነው፣ የለም። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ ሌላ የዕድሜ ክልል ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ተሳስቷል፣ እኔም ስህተቱን ተሸክሜ ሄድኩ። ያን ቀን በጣም አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ያልከፈትኩትን አልጠቅስም።

ጎንደር ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የመጻሕፍት መምህራን አንድምታ (የቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ) ሲያስተምሩ ሁለቱን የትርጓሜ ወገኖች፣ ይህ የላይ ቤት ነው፣ ይህ የታች ቤት ነው ብለው ይለያሉ። ትርጓሜው ከየት እንደመጣ ተማሪው አውቆ ይይዘዋል። ሪፈረንስም ሥራው ይኸው ነው፤ አንባቢው ተነስቶ ምንጩ ጋ እንዲደርስ መንገድ ማሳየት።

ቻትጂፒቲ የሰጣችሁን ሪፈረንስ ሳታጣሩ አታስገቡ። የደራሲው ስም እውነተኛ፣ ጆርናሉም እውነተኛ ሆኖ ጽሑፉ ግን ጭራሽ የሌለ ሊሆን ይችላል። የዲኦአይ ቁጥሩን፣ ማለትም የጽሑፉን ልዩ መለያ፣ አስገብታችሁ ፈልጉት። ካልተከፈተ ወይም ሌላ ጽሑፍ ካመጣ አውጡት።

አሁን ወደ ስማችን ልምጣ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። አበበ ከበደ ታደሰ የሚባል ተመራማሪ አለ እንበል። ምንጭን በቁጥር በሚጠቅሰው በቫንኩቨር ስታይል አንድ ጽሑፍ ላይ «ከበደ አ.» ይሆናል። ሌላው ላይ «ታደሰ አ.ከ.»፣ ሦስተኛው ላይ አንዱ ገልብጦ ሲያስገባው «አበበ ከ.»። አንድ ሰው ሦስት ሰው ሆነ። የለፋበት ሥራ ተበታትኖ ቀረ። በእንግሊዝኛ ጆርናል ስትጽፉ በራሳችሁ ግምት አትገልብጡ። ጽሑፉ በጆርናሉ ገጽ ወይም በፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ) ላይ እንዴት እንደተመዘገበ አይታችሁ እንደዚያው ያዙት። በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ከሆነ ግን ጆርናሉ እስከፈቀደ ድረስ ስምና የአባት ስምን በቅደም ተከተላቸው ጻፉ። «ዶ/ር» እና «ፕሮፌሰር» ሪፈረንስ ውስጥ አይገቡም። የራሳችሁንም ስም ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ በአንድ መልክ ያዙ፣ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥርም አውጡ። ነጻ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም ብዙ ሰው ይጥላል። አንድ ተማሪዬ በ2013 ዓ.ም. የወጣ የኮሮና መመሪያ ጠቅሶ ዓመቱን እንዳለ «2013» ብሎ አስገባው። የውጭው ገምጋሚ ግራ ገባው። በሽታው እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ ነው የታወቀው፤ መመሪያው ከበሽታው በስድስት ዓመት ቀደመ ማለት ነው። ልዩነቱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ስለዚህ ሁልጊዜ 8 መደመርም ስህተት ነው። ወሩ ካልተጻፈ 2020/21 ብላችሁ ያዙት።

ሶፍትዌር ተጠቀሙ፣ በእጅ ቁጥር አትስጡ። ቫንኩቨር ላይ ቁጥሩ ጽሑፉ ውስጥ በመጣበት ቅደም ተከተል ነው፤ መሃል ላይ አንድ ብትጨምሩ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይዛባል። ደግሞ ፋይሉን በቴሌግራም ስትላላኩ ተጠንቀቁ። አንዱ የሥራ ባልደረባ በስልኩ ከፍቶ አርሞ ሲመልሰው ሳይቴሽኑ ከሶፍትዌሩ ተለያይቶ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አስተያየታቸውን ተቀበሉ፣ እርማቱን ግን በዋናው ፋይል ላይ ራሳችሁ አስገቡ።

የጆርናል ስም ምህጻረ ቃል ከራሳችሁ አትፍጠሩ።

አንድ ጆርናል መልሶባችሁ ወደ ሌላ ስትልኩ ስታይሉን ቀይሩ። አንዱ ስድስት ደራሲ ዘርዝሮ «ኤት አል» (እና ሌሎች) ይላል፣ ሌላው ከሦስት በኋላ። ኤፒኤ የሚባለው ስታይል ሰባተኛው እትም ደግሞ እስከ 20 ያስዘረዝራል። አንዱ የሪፈረንሱን ቁጥር ከዓረፍተ ነገሩ ነጥብ በፊት ያደርገዋል፣ ሌላው ከነጥቡ በኋላ። የጆርናሉን መመሪያ ብቻ አንብቦ መተው አይበቃም፤ እዚያው በቅርብ የታተመ አንድ ጽሑፍ አውርዳችሁ አጠገባችሁ አድርጉና አመሳክሩ።

ከተማሪዋ ጋር ካፌው ውስጥ ጽሑፉን ከሪፈረንስ ዝርዝሩ ጋር ያመሳከርነው እንዲህ ነው። እሷ ከጽሑፉ ላይ ቁጥሩን ታነባለች፣ እኔ ከዝርዝሩ ምንጩን እፈልጋለሁ። አርባ ሁለት ሪፈረንስ ነበር። ሁለት ቡና ጠጥተን ጨረስን። ስድስቱን አስተካከልን፣ አንዱን ልታገኘው ስላልቻለች አወጣችው።