በእርግዝና ጊዜ ደም ካየሽ ምን ታደርጊያለሽ? መቼስ ወደ ሐኪም ትሮጫለሽ?

ነፍሰ ጡር ሆኖ ደም ማየት ያስደነግጣል። ግን ደም ሁሉ ውርጃ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ከ4 ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ ትንሽም ቢሆን ደም ታያለች፤ ብዙዎቹም ጤናማ ልጅ ይወልዳሉ። አስቸጋሪው ነገር የደሙ ማነስ ወይም መብዛት ብቻውን ሁሉንም አለመናገሩ ነው።

መጀመሪያ ሞዴስ አድርጊና ሰዓት ያዢ። ታምፖን አይሆንም፤ ምን ያህል እንደፈሰሰሽ ማወቅ ያቅትሻል። ውስጥሽን አትታጠቢ፣ ግንኙነትም ሐኪም እስኪያይሽ ይቆይ። አመመኝ ብለሽ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን በራስሽ አትዋጪ። ሥጋ የመሰለ ነገር ከወጣ በንጹሕ ዕቃ ይዘሽ ሂጂ። ደስ አይልም፤ ለምርመራው ግን ይጠቅማል።

ከዚያ ሳምንቱን ቁጠሪ። የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባሽ ከጀመረበት ቀን ነው።

እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ህመም የሌለው ጠብ ጠብ የሚል ደም ብዙ ጊዜ ቀላል ምክንያት አለው። በእርግዝና ወቅት ወደ ማህፀን በር የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ከግንኙነት በኋላ ሊደማ ይችላል። ኢንፌክሽንም ያደማል። ቢሆንም በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ታዪ።

እኔን በጣም የሚያስፈራኝ ከማህፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ነው። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ6ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ይመጣል። ደሙ ወደ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ ሞዴሱ ላይ የሚታየው ጥቂት ሊሆን ይችላል። በአንድ ጎን የሚወጋ የሆድ ህመም፣ የትከሻ ጫፍ ህመም፣ ራስ ማዞር ወይም መሳት ካለ "እስኪ ነገ ልየው" አይባልም። በተለይ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ መሆኑ ገና በአልትራሳውንድ ካልታየ።

ከ5ኛው ወር ወዲህ ከሆነ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ የለም። ህመም የሌለው ደማቅ ቀይ ደም፣ የእንግዴ ልጁ የማህፀን በር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሆድሽ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ካመመሽ ደግሞ የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው እየተላቀቀ ይሆናል፤ ያን ጊዜም ደሙ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል። የእንግዴ ልጅሽ ዝቅ ብሎ መቀመጡ ከተነገረሽ ገና እንደደረስሽ ተናገሪ፤ ቦታው በአልትራሳውንድ ሳይታይ በጣት መመርመር ደሙን ሊያባብሰው ይችላል። በመውለጃ ሰሞን የሚወጣ ደም የነካካው ዝልግልግ ፈሳሽ የምጥ መቃረቢያ ነው። ከ37 ሳምንት በፊት ከመጣ ግን ሂጂ።

በየትኛውም ወር ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ትኩሳት ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወዲያው ሂጂ። መኪናውን ሌላ ሰው ይንዳ።

ሐኪም ቤት የደም ዓይነትሽን ጠይቂ። አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆንሽ የሾተላይ መከላከያ መርፌ ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ የሚሰጠውም በ72 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። የእርግዝና ሆርሞን የደም ምርመራ ከ48 ሰዓት በኋላ ድገሚ ቢሉሽ ግራ አይግባሽ፤ ሆርሞኑ መጨመር አለመጨመሩን ማየት ፈልገው ነው። "ደህና ነሽ" ተብለሽ ቤት ከገባሽ በኋላም ደሙ ከበረታ ወይም ህመም ከጀመረሽ፣ በዚያው ቀን ቢሆንም ተመለሺ።