ለካርቱን ገጸ ባህሪ አንድ ቋሚ ልብስ እንዴት ይመረጣል?

ካርቱን የሚያይ ልጅ ውሎ አድሮ መጠየቁ አይቀርም፦ «ይሄ ልጅ ሌላ ልብስ የለውም እንዴ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ካርቱን መሥራት የሚያምረው ሰው ደግሞ መልሱን ከሁሉም በፊት ማወቅ አለበት። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በስልካቸው የሚስሉ ጎበዝ ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ የሚደክማቸው ልብሱን ሲመርጡ ስላላሰቡበት ይመስለኛል። ስለዚህ አንድ ልብስ አብረን እንምረጥ።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንዲት ልጅ እንፍጠር። ስሟ ሐዋ ነው። አስር ዓመቷ ነው። ቤቷ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ውሃው ዳር ነው። አክስቷ ባቲ ትኖራለች፤ ትምህርት ሲዘጋ ሐዋ እዚያ ትሄዳለች። ታናሽ ወንድሟ ሰይድ ይባላል።

መጀመሪያ ሒሳቡን ሥሩ

በፊልም አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ተከታታይ ምስል አለው። በእጅ የሚሳል ካርቱን ብዙ ጊዜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ያቆየዋል። ስለዚህ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል፣ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ያስፈልጋል። ሐዋ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከተንቀሳቀሰች 720 ጊዜ ትሳላለች ማለት ነው። ቀሚሷ ላይ አምስት አዝራር ካለ በዚያች አንድ ደቂቃ ውስጥ 3,600 አዝራር ትስላላችሁ።

ሌላም አለ። የሐዋን አረማመድ አንዴ በደንብ ከሳላችሁት ሁለት እርምጃ በ12 ሥዕል ያልቃል። ያንኑ እየደጋገማችሁ ከሐይቅ እስከ ባቲ ልታስኬዷት ትችላላችሁ። ሩጫዋም፣ አቀማመጧም፣ ዞር ብላ ማየቷም እንደዚሁ ይቀመጥና በየክፍሉ ይወጣል። ልብሷን የቀየራችሁ ዕለት ግን ያ ሁሉ ክምችት አይሠራም፤ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

የሚያየውን ልጅም አስቡ። ሰባተኛውን ክፍል አይቶ ሦስተኛውን ነገ ሊያይ ይችላል። ልብሷ አንድ ከሆነ የትኛውም ክፍል ፊት ቢመጣ ግር አይለውም። ስሟን ባያውቅም በልብሷ ያውቃታል።

የድሮዎቹ ባለሙያዎች ይህን የተማሩት ሥራው አስቸግሯቸው ነው። ሚኪ ማውስ እ.ኤ.አ. በ1928 ለሕዝብ ሲቀርብ ጓንት አልነበረውም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ጥቁሩ እጅ ጥቁሩ ሰውነት ላይ ሲያርፍ ይጠፋል። በ1929 ነጭ ጓንት አጠለቁለት፤ እስከ ዛሬም አላወለቀም። ዮጊ የሚባለው ድብ ደግሞ በ1958 ሲመጣ ኮሌታና ከረባት አሰሩለት። ያኔ ለቴሌቪዥን በርካሽና በፍጥነት መሥራት ግድ ነበር። ኮሌታው ጭንቅላቱን ከሰውነቱ ስለሚለይ፣ ሲያወራ ሰውነቱን ሳይነኩ ጭንቅላቱን ብቻ መሳል ይቻል ነበር። ይህቺን ዘዴ ያዙልኝ፤ በኋላ ለሐዋ እንጠቀምባታለን።

ኑሮዋን ጻፉ

እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት የት እንደምትኖርና የት የት እንደምትሄድ በሦስት አራት መስመር ጻፉ። ወሎ ውስጥ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጦሳን ተራራ ጉም ሲሸፍነው ጋቢ ያስደርባል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ስትሉ ኮምቦልቻ ላይ ጋቢው ይከብዳችኋል። ባቲ ስትደርሱ ጭራሽ ሙቀት ነው። ሐዋ በአንድ ልብስ ሁሉንም ቦታ መዞር አለባት። ወፍራም ሹራብ ብታለብሷት ባቲ ላይ ታሳዝናለች። ስለዚህ እጅጌው እስከ ክርን የሚደርስ ቀሚስ ይበቃታል። ለብርዱ ደግሞ ትልቅ ሻሽ ትይዛለች፦ ደሴ ላይ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች፣ ባቲ ላይ ራሷ ላይ ታስረዋለች።

የትምህርት ቤት ዩኒፎርምስ? ብዙ ጀማሪ ወደዚያ ይሄዳል፤ እኔ አልመክርም። ክፍል ውስጥ ስትገባ ሁሉም ልጅ እንደሷ ለብሷልና ትጠፋለች።

በጥላዋ ለዩዋት

ሐዋን ስላችሁ መላ ሰውነቷን በጥቁር ሙሉት። ዓይን የለም፣ ቀለም የለም፣ ጥላ ብቻ። አሁንም ሐዋ መሆኗ ይታወቃል? ካልታወቀ ልብሱ ገና ነው።

ይህን ለመማር ከባቲ የሰኞ ገበያ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኙበት ገበያ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቁሙና ከሩቅ እዩ። ፊት ሳይለይ፣ ሽርጥ ያገለደመውን ከቆላ የመጣ ሰው ጋቢ ከደረበው ደገኛ ትለያላችሁ። ራሷ ላይ ዕቃ የተሸከመችው፣ ሻሿን ወደ ኋላ የቋጠረችው፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመው፣ ሁሉም የየራሱ ቅርጽ አለው። ደብተር ይዛችሁ ቅርጹን ብቻ ሞነጫጭሩ። ማንንም ፎቶ ማንሳት አያስፈልግም።

ለሐዋ እኔ የምመርጠው ሻሹን ነው። ከኋላ ይቋጠርና ሁለት ጫፍ ይተርፈው። ስትሮጥ ጫፎቹ ወደ ኋላ ይዘረጋሉ፤ ስትቆም እነሱ ትንሽ ዘግይተው ይወርዳሉ። ይህች መዘግየት ሥዕሏን ሕይወት ትዘራባታለች። ሰይድ ደግሞ ተላጭቶ ቁንጮ ይተውለት። ሁለቱ ጎን ለጎን በጥላ ብቻ ሲቆሙ አይምታቱም፤ ቁንጮ ደግሞ ለመሳል ርካሽ ነው።

ጥለቱ ላይ ጨክኑ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከፋዋል፤ ይገባኛል። የሐበሻ ቀሚስ ካልን ጥለቱ ነው ውበቱ። እስቲ ግን ሐዋን አስሩጧትና የቀሚሷን ጠርዝ ቀረብ ብላችሁ እዩ። ጨርቁ ይታጠፋል። አንዱ አልማዝ ቅርጽ እጥፋቱ ውስጥ ይገባል፤ ጎኑ ያለው ይለጠጣል፤ ሦስተኛው ግማሹ ብቻ ይታያል። በሚቀጥለው ሥዕል እጥፋቱ ቦታ ይቀይራል። እጃችሁ የቱንም ያህል የተካነ ቢሆን አልማዞቹን በ12ቱም ሥዕል ልክ ቦታቸው ላይ ማስቀመጥ አይቻላችሁም። ስታጫውቱት ጥለቱ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ተመልካቹ ፊቷን ትቶ ጠርዙን ያያል።

መፍትሔው ጥለቱን ወደ ሁለት መስመር ማውረድ ነው፦ አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን። ከሩቅ ሲታይ ጥለት መሆኑን ማንም አይስተውም። ሙሉ ጥለቱን የምትስሉት ሐዋ ቁጭ ባለችበትና ካሜራው በተጠጋበት ትዕይንት ብቻ ነው። ያቺ አንድ ሥዕል ናት፤ እዚያ ላይ የፈለጋችሁትን ያህል ተጠበቡ። እጅግ የምትሳሱለት ጥለት ካለ እዚያው ይዋል።

በዚሁ መንገድ አዝራሩን አውጡ፣ ኪሱን አውጡ። ድሪ አታድርጉላት፤ እያንዳንዱ ዶቃ ይቆጠርባችኋል። ጫማዋ ኮንጎ ይሁን። ክር የለው፣ ማሰሪያ የለው፣ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ደግሞም እውነተኛ ነው፤ ብዙ የገጠር ልጅ የሚያደርገው እሱን ነው።

ቀለሙን ከአገሩ ጋር አስተያዩት

ከሦስት ቀለም አትለፉ፤ አንደኛው ጎልቶ ይውጣ። ለሐዋ አረንጓዴ ቀሚስ ብትሰጧት በነሐሴ ሜዳው ውስጥ ትሰወራለች። ቢጫ ከሆነ መስከረም ላይ አደይ አበባው፣ ኅዳር ላይ የደረሰው ጤፍ ይውጣታል። ነጩ የአገር ልብስ ሁላችንም የምንወደው ነው፤ ግን የደሴ ጉም መሐል ስትገባ ከነልብሷ ትጠፋለች። ወይን ጠጅ ቀለም በየትኛውም ወር አይጠፋም። ቀሚሷ ወይን ጠጅ፣ ሻሿና ጥለቷ ክሬም፣ ጫማዋ ጥቁር ይሁን። አበቃ።

ከዚያ ሥዕሉን ስልክ ላይ ያለ የመተግበሪያ ምልክት የሚያክል አድርጋችሁ አሳንሱት። ዛሬ ብዙው ሰው የሚያየው በስልክ ነውና ፈተናው እዚያ ነው። ሻሹና ቀሚሱ ካልተለዩ ሻሹን ይበልጥ አንጡት።

መገጣጠሚያውን ደብቁ

ሥዕሏን ቆራርጣችሁ በኮምፒውተር የምታንቀሳቅሱ ከሆነ እጅ ከክንድ፣ አንገት ከደረት የሚገናኙበት ቦታ ሲዞር ይሰነጠቃል። የዮጊ ኮሌታ የሚጠቅመው አሁን ነው። የሐዋ ሻሽ አንዱ ዙር አንገቷ ሥር ይለፍ፤ ራሷ ሲንቀሳቀስ ስንጥቁ አይታይም። የእጅ አንጓዋ ላይ አንድ ወፍራም አምባር፣ ክርኗ ላይ የእጅጌው ጠርዝ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ሞዴል ሺት አዘጋጁ

ይህ ማለት ሐዋን በአንድ ወረቀት ላይ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላና አጋደል ብላ መሳል ነው። ከራስ ቅሏ፣ ከወገቧና ከጉልበቷ አግድም መስመር አስምሩና በሁሉም ሥዕል ላይ ቁመቷን አስተካክሉ። ሰይድን አጠገቧ አቁሙት፤ የት ድረስ እንደሚደርስ ይታይ። የእያንዳንዱን ቀለም ቁጥር ከሥር ጻፉ። ቀለም በዓይን መገመት አይሠራም፤ ከሳምንት በኋላ ወይን ጠጁ ሌላ ወይን ጠጅ ሆኖ ይመጣል።

ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ኮምፒውተር ያለው ክሪታ የሚባለውን የሥዕል ፕሮግራም በነፃ ያገኛል፤ አኒሜሽንም ይሠራል። ስልክ ብቻ ያለው ፍሊፓክሊፕ በሚባለው መተግበሪያ መጀመር ይችላል። ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስደርጉና ለሚያግዟችሁ ጓደኞች በሙሉ ስጡ። ሁለት ሰው ሲስል ሐዋ ሁለት ልጅ እንዳትሆን የሚጠብቃችሁ ይህ ወረቀት ነው። መጀመሪያ ላይ እጃችሁ ቢዛባ አብሽሩ፤ ወረቀቱን እያያችሁ ስትደጋግሙት ይስተካከላል።

መቼ ትቀይር?

ታሪኩ ሲጠይቅ ብቻ። አረፋ ሲደርስ ልጅ አዲስ ልብስ ይለብሳል፤ ሐዋም ትልበስ። ተመልካቹ ሁልጊዜ በወይን ጠጅ ስላያት ያን ዕለት የበዓሉን ደስታ አብሯት ይቀምሳል። ሌላው ዝናብ የሚመታት ክፍል ሊሆን ይችላል፤ የሚቀየረውም በእንዲህ ያለ ጊዜ እንጂ በየክፍሉ አይደለም። ለአዲሱ ልብስ ሁለተኛ ሞዴል ሺት አዘጋጁ። አረማመዷ እንደ አዲስ ስለሚሳል በዚያ ክፍል ብዙ አታስኬዷት፤ ቁጭ ብላ ታውራ፣ ትብላ፣ ትሳቅ። ቀሚሱን፣ ጫማውን ቀይሩ። ሻሹን ግን አታስወልቋት፤ ከኋላ ስትታይ የምትታወቀው በእሱ ነው።