የጡረተኞች ኮኦፕ ውስጥ ከመግባት በፊት ጥቅሙንና ጉዳቱን እንዴት መመዘን ይቻላል

ሚኒሶታ የሚኖር ሐበሻ ጡረታው ሲቃረብ፣ በረዶ መዛቁም ደረጃ መውጣቱም ሲከብደው፣ «ቤትህን ሽጥና ኮኦፕ ግባ» የሚለው አያጣም። ምክሩ መጥፎ አይደለም። እኔና ባለቤቴ ሰምተነው በሦስት ሳምንት ውስጥ ወስነን ገባን። ከሁለት ዓመት በኋላ ባለቤቴ ታምማ ሌላ ክፍለ ግዛት ወዳለችው ልጃችን ዘንድ ለመሄድ ስንገደድ ግን መውጣቱ ሰባት ወር ፈጀ። በእነዚያ ሰባት ወራት ማንም ላላደረባት አፓርታማ በየወሩ 1,540፣ በድምሩ 10,780 ዶላር ከፍለናል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እኛ የሄድንበት ሳይሆን መሄድ የነበረብን ነው።

የሚገዙትን ነገር መለየት

ኮኦፕ የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። እንደ ኮንዶሚኒየም በስምዎ የተመዘገበ አፓርታማ አይገዙም። ሕንፃው በሙሉ የማኅበሩ ሲሆን፣ እርስዎ የሚገዙት በአንዲት የተወሰነች አፓርታማ የመኖር መብት የሚያሰጥ አክሲዮን ነው። ማኅበሩን አባላቱ ከመካከላቸው የሚመርጡት ቦርድ ይመራዋል፤ ትልቁን አፓርታማ የያዘም ትንሹን የያዘም ድምፁ እኩል ነው። ሚኒሶታ በዚህ ዓይነቱ የአረጋውያን መኖሪያ የቆየ ልምድ ያላት ክፍለ ግዛት ናት፤ ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኢዳይና ከተማ በ1978 እ.ኤ.አ. የተከፈተው 7500 ዮርክ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ብዙዎቹ ሕንፃዎች የተሠሩት እስከ 40 ዓመት በሚከፈል ብድር ሲሆን፣ ለብድሩ የፌዴራሉ መንግሥት በቤቶች ሕግ ክፍል 213 መሠረት ዋስትና ይገባለታል።

ወርኃዊ ክፍያው የዚህን ብድር ድርሻዎን፣ የንብረት ግብርን፣ የሕንፃውን ኢንሹራንስ፣ ጥገናን፣ ለወደፊት ትልልቅ እድሳት የሚቀመጥ መጠባበቂያን፣ አብዛኛውን ጊዜም ውኃንና ማሞቂያን ያጠቃልላል። ሕክምና ግን በውስጡ የለም። ብዙ ሰው ኮኦፕን ነርስ ካለበት የእንክብካቤ መኖሪያ ጋር ያምታታዋል። ኮኦፕ ራሱን ችሎ ለሚኖር ሰው የተሠራ ቤት ነው፤ የሚያጥብዎ፣ መድኃኒት የሚሰጥዎ ሰው ቢያስፈልግ ከውጭ ቀጥረው ያስመጣሉ፤ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ደግሞ የዕለት ተዕለት የረጅም ጊዜ እንክብካቤን አይከፍልም።

ገቢዎ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ትንሽ ክፍያ ብቻ ከሆነና የሚሸጡት ቤት ከሌለዎት፣ ጊዜዎን እዚህ አያጥፉ። ዕድሜያቸው 62 ለሞላ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀው ክፍል 202 የሚባለው መኖሪያ፣ ኪራዩ ከገቢዎ 30 በመቶ አካባቢ ስለሚሆን፣ ለእርስዎ የተሻለ ነው። የሚጠበቅበት ጊዜ ስለሚረዝም ዛሬውኑ ይመዝገቡ።

ዕድሜን መጠየቅ

ይህ በአንድ ጥያቄ የሚያልቅ ጉዳይ ነው፤ ሆኖም ባልና ሚስት በዕድሜ በሚራራቁበት በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም። ሕንፃው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው የተወሰነ ከሆነ፣ ሕጉ የሚጠይቀው ከተያዙት አፓርታማዎች ቢያንስ 80 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ 55 ዓመት የሞላው አንድ ሰው እንዲኖር ነው፤ ስለዚህ ወጣት የትዳር ጓደኛ ብዙ ጊዜ ችግር አይገጥመውም። 62 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው የተወሰነ ከሆነ ግን ነዋሪዎቹ ሁሉ 62 ሊሞላቸው ይገባል። ባል 70 ሚስት 58 ከሆኑ አብረው መግባት አይችሉም ማለት ነው።

ሒሳቡን በራስዎ እጅ መሥራት

የሽያጭ ሠራተኛው የሚሰጥዎትን አንጸባራቂ ወረቀት ወደ ጎን ያድርጉና እርሳስና ወረቀት ይያዙ። ለዚህ ሥራ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ እንዲያውም በወረቀት ሲሠራ ያልገባዎት ቁጥር ቶሎ ይታይዎታል። ለምሳሌ አክሲዮኑ 90,000፣ ወርኃዊ ክፍያው 1,600 ዶላር ነው እንበል። 90,000ው ባንክ ቢቀመጥና በዓመት 4 በመቶ ቢያስገኝ ኖሮ በዓመት 3,600፣ በወር 300 ዶላር ይሆን ነበር። ይህን ያጡታልና በወርኃዊው ላይ ይደምሩት። በሌላ በኩል አክሲዮኑ በዓመት 2 በመቶ ዋጋ ቢጨምር በዓመት 1,800፣ በወር 150 ስለሚሆን ይህን ይቀንሱ። ትክክለኛው የወር ወጪዎ 1,750 ዶላር ነው። በዚያው ሰፈር ካለ ተመሳሳይ የኪራይ አፓርታማ ጋር የሚያነጻጽሩት 1,600ን ሳይሆን ይህን ቁጥር ነው።

በመቀጠል ያለፉትን አምስት ዓመታት የወርኃዊ ክፍያ ጭማሪ ይጠይቁ። 1,600 ዶላር በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨምር ከስምንት ዓመት በኋላ 2,190 ገደማ ይደርሳል፤ የጡረታ ገቢዎ ግን በዚያው ፍጥነት ላይጨምር ይችላል። ስለ ግብር ጥቅም ብዙ ይነገርዎታል። እውነት ነው፣ የኮኦፕ አባል ከሕንፃው ብድር ወለድና ከንብረት ግብር የራሱን ድርሻ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢው ሊቀንስ ይችላል፤ ነገር ግን እንደ አብዛኛው ጡረተኛ ወጪ ሳይዘረዘር የሚሰጠውን መደበኛውን ቅናሽ የሚወስዱ ከሆነ ይህ ጥቅም ኪስዎ አይገባም፤ ስለዚህ ከሒሳቡ ያውጡት።

መውጫውን ከመግቢያው በፊት ማየት

እኛ የወደቅነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

በመጀመሪያ አክሲዮኑ የዋጋ ገደብ ያለው ነው ወይስ በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ነው ብለው ይጠይቁ። ገደብ ያለው ከሆነ፣ ሲወጡ የሚያገኙት የከፈሉትን ገንዘብና ደንቡ የሚፈቅደውን ትንሽ ዓመታዊ ጭማሪ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ 90,000 ዶላር ከስምንት ዓመት በኋላ 104,400 ይሆናል፤ የሸጡት የድሮ ቤትዎ በዚያው ጊዜ ምን ያህል ይጨምር እንደነበረ ግን እግዚአብሔር ያውቃል። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ እርስዎም በቅናሽ የገቡት ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው በዚሁ ገደብ ስለወጣ ነው። ልብ ማለት የሚያስፈልገው ገደቡ ጣሪያ እንጂ ወለል አለመሆኑን ነው። ከዚህ በላይ አይሸጡም ይላል እንጂ በዚህ ዋጋ የሚገዛ ይመጣል አይልም።

የእኛ ስሕተት አንዲት ቃል ነበረች። ያስጎበኘን ሰው «ስትወጡ ማኅበሩ መልሶ ይገዛችኋል» አለን፤ እኛም በእድር ቤት ልማድ የሰውን ቃል አምነን ባለ 60 ገጹን የመኖሪያ ውል ሳናነብ ፈረምን። ውሉ የሚለው ማኅበሩ ቀድሞ «ሊገዛ ይችላል» ነው። መብት እንጂ ግዴታ የለበትም። ለመውጣት ማመልከቻ ባስገባን በሁለተኛው ሳምንት፣ ቦርዱ መብቱን እንደማይጠቀምበት የሚገልጽ ሦስት መስመር ደብዳቤ ደረሰን።

ያን ጊዜም አልደነገጥንም፤ ምክንያቱም ስንገባ የተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ 64 ስም እንዳለ ተነግሮን ነበር። 64 ተጠባባቂ ማለት ግን 64 ገዢ ማለት አይደለም። ሰዎች የሚመለስ ትንሽ ተቀማጭ ከፍለው ገና በሥራ ላይ ሳሉ ከዓመታት በፊት ይመዘገባሉ፤ ሲደወልላቸው «ገና አልተዘጋጀሁም» ይላሉ፤ ተራቸውም አይሰረዝም። የእኛ አፓርታማ ባለ አንድ መኝታ፣ በሰሜን በኩል፣ ልክ ከጋራዡ በር በላይ ያለች ነበረች። የብረቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሳሎናችን ወለል በስሱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቡና ስናፈላ በረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች እርስ በርሳቸው ሲነካኩ ይሰማል። እኛ ለምደነው ነበር፤ ሊያዩ የመጡት ሰዎች ግን ቆመው ያዳምጡት ነበር። ከ64ቱ ውስጥ ባለ አንድ መኝታ የሚፈልጉት ዘጠኝ ብቻ ሲሆኑ፣ ከዘጠኙ ሊያዩ የመጡት ሁለት ናቸው። ሁለቱም አልወሰዱትም። በመጨረሻ የገዛው ከዝርዝሩ ውጭ የመጣ ሰው ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ እኔ ለምፈልገው ዓይነት አፓርታማ ስንት ሰው ይጠብቃል፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት እንዲህ ዓይነት አፓርታማ ለመሸጥ ስንት ቀን ፈጀ፤ እስኪሸጥ ድረስ ወርኃዊውን የሚከፍለው ማን ነው፤ ሻጭ ለማኅበሩ የሚከፍለው የማዛወሪያ ክፍያና የእድሳት ወጪ ስንት ነው። በአብዛኛው ቦታ ባለቤቱ ቢሞትም ክፍያው አይቆምም፤ ወራሾቹ አክሲዮኑ እስኪሸጥ ይከፍላሉ። ምርጫው ካለዎት ደግሞ ትንሽ ውድ ቢሆንም በቀላሉ የሚሸጠውን፣ ብዙ ጊዜም ባለ ሁለት መኝታውን፣ ይውሰዱ።

መጠባበቂያ ሒሳብና ቃለ ጉባኤ

በኦዲተር የተመረመረውን የሦስት ዓመት ሒሳብ፣ የመጠባበቂያውን መጠን፣ ጣሪያው፣ ሊፍቱና መስኮቶቹ መቼ እንደሚቀየሩ የሚያሳየውን ጥናት ይጠይቁ። ሂሳብ ሠራተኛ የሆነ ዘመድ ካለዎት ያስነብቡት፤ የቤት ሻጭ ወኪል አይበቃም፤ የሚከፈለው ሲሸጥ ነውና። እኔ ከሰነዶች ሁሉ አስበልጬ የማምነው የቦርዱን የአንድ ዓመት ቃለ ጉባኤ ነው። ጣሪያው ስለ ማፍሰሱ ስድስት ጊዜ ተነሥቶ ስድስት ጊዜ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል» የሚል ካገኙ፣ የወርኃዊ ክፍያው ዝቅ ማለት ምስጢሩ ይገባዎታል። ሰነዱን ለመስጠት የሚያቅማማ ማኅበር ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

የቤት ደንቡን ከራስዎ ኑሮ ጋር ማስተያየት

የቤት ደንቡን ሲያነቡ የእርስዎን ኑሮ አስበው ያንብቡ። እንግዳ ስንት ሌሊት ማደር ይችላል? ከአዲስ አበባ የምትመጣ እህት ለሁለት ሳምንት ብቻ ብላ አትመጣም። የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዕረፍቱን ሙሉ መቆየት ይችላሉ? ለስድስት ወር ሀገር ቤት ሲሄዱ አፓርታማውን ማከራየት ይቻላል? ብዙ ኮኦፖች ማከራየትን ወይ ይከለክላሉ ወይ ይገድባሉ፤ ጥር በመጣ ቁጥር ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄድ ጡረተኛ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ሌላው የጭስ ጉዳይ ነው። ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስ ሲጋራ ላለማጨስ በተጻፈው አንቀጽ ውስጥ ይካተት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። እኛ በገባን በሳምንቱ የቡናው ጭስ ማስጠንቀቂያውን አስጩኾ የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ በረንዳው ላይ መቁላት ጀመርን፤ በየካቲት ብርድ ካፖርት ለብሶ ቡና መቁላት ምን እንደሚመስል መግለጽ አያስፈልገኝም።

ጥሩውንም በሚዛኑ ላይ ማስቀመጥ

እስካሁን ያልኩት ጉዳቱ ላይ ስላመዘነ፣ ዛሬም ብጠየቅ መልሼ የምገባ መሆኔን ልናገር። በበረዶው ወራት መኪናዬ ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ያድር ነበር፤ በረዶ የሚዝቅ ሌላ ሰው ነበር፤ የእንጨት ሥራ ክፍልና የአትክልት መደብ ነበረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በነበርንበት ሕንፃ እያንዳንዱ አባል ማታ በር እጀታው ላይ ቀይ ካርቶን ያንጠለጥላል፤ ጠዋት እስከ ሦስት ሰዓት ያነሣዋል፤ ካላነሣ ይንኳኳበታል። አንድ እሑድ ካርቶኑን ሳናነሣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ወደ ቅዳሴ ሄድን። ስንመለስ ሦስት ጎረቤቶቻችንና ቁልፍ የያዘው የሕንፃው ኃላፊ በራችን ላይ ቆመው አገኘናቸው፤ አንዷ አሮጊት እንባ አውጥታ ነበር። ይህን እንደ ጣልቃ ገብነት የሚቆጥሩ አሉ፤ እንዲህ ከተሰማዎት ኮኦፕ ይከብድዎታል። ልጆቼ ሩቅ ለነበሩብኝ ለእኔ ግን ይህ ቀይ ካርቶን በ1,750ው ሒሳብ ውስጥ የማይገባ ዋጋ አለው።

አድሮ ማየት

አብዛኞቹ ኮኦፖች ለአባላት ዘመዶች በመጠነኛ ክፍያ የሚከራይ የእንግዳ ክፍል አላቸው። ከመፈረምዎ በፊት ለሁለት ሌሊት እንዲያሳድሩዎት ይጠይቁ፤ በተቻለ መጠን በጥር። ቀን ከሽያጭ ሠራተኛው ጋር ከመዞር ይልቅ ከእራት በኋላ የጋራ ሳሎኑ ውስጥ ይቀመጡ። ሰው አለ ወይ? ያናግሩዎታል ወይ? ከቦርድ ያልሆነ አባል ፈልገው «መጨረሻ ላይ በምን ተጣላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የሊፍቱን ድምፅ፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን፣ የጋራዡን በር ያዳምጡ። በተለይ የሚገዙት አፓርታማ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ብቻዎን እንዲቀመጡ እንዲፈቅዱልዎ ይጠይቁ፤ ከቻሉም ሰዎች ከሥራና ከገበያ በሚመለሱበት በአሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይሁን፤ አንድ ብርጭቆ ውኃ ሞልተው መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጡና ውኃው ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ይመልከቱ።