ሐምራዊው መብራት በሉክስ መለኪያ ለምን ደካማ መሰለ?
ለበሶብላ ችግኞቼ የገዛሁት ሐምራዊ የኤልኢዲ መብራት በሉክስ መለኪያ (የብርሃን ድምቀት በሚለካ መሣሪያ) ከነጩ መብራቴ እጅግ ደካማ ሆኖ ታየ፤ ችግኞቹ ግን ከመብራቱ ሥር ለምልመዋል። ሦስት ቀን ባከነ። መለኪያ ቀየርኩ፣ ከፍታ አስተካከልኩ፤ ለውጥ የለም። ፍጆታውንም ቮልትን በአምፔር አባዝቼ ስላሰላሁ ከእውነተኛው ዋት በልጦብኝ ነበር።

ሉክስ የተቀመረው ለሰው ዓይን ነው፤ 555 ናኖሜትር አካባቢ ላለው አረንጓዴ ያደላል፣ ቀዩንና ሰማያዊውን አሳንሶ ይቆጥራል። ለተክል የሚቆጠሩት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያሉት ፎቶኖች (የብርሃን ቅንጣቶች) ናቸው።

መፍትሔው እነዚህን ፎቶኖች የሚቆጥር የኳንተም መለኪያ ሆነ። ተውሼ 60 በ60 ሳንቲሜትር በሆነው ትሪ ላይ ዘጠኝ ነጥቦችን ለካሁ፤ አማካዩ በሰከንድ 400 ማይክሮሞል (የፎቶን ብዛት መለኪያ) በካሬ ሜትር ነው። በ0.36 ካሬ ሜትር ሲባዛ 144፤ ሶኬት ላይ የሚሰካው ዋት መለኪያ ላነበበው 96 ዋት ሲካፈል 1.5 ማይክሮሞል በጁል፣ ማለትም በእያንዳንዱ ጁል ኤሌክትሪክ ትሪው ላይ የደረሰው የፎቶን መጠን። ነጩ በተመሳሳይ ከፍታ 1.3 ሰጠ።