ጃጓር ልግዛ ወይስ ሌክሰስ? ጎጃም ላይ ለሚነዳ ሰው እንዴት እንደሚወሰን

ያገለገለ ጃጓር ኤክስ ኤፍ ከሌክሰስ ወይም ከደህና ካምሪ ባልራቀ ዋጋ ሲቀርብ ልብ ይሸፍታል። አይፈረድም። መኪናው ያምራል። መሪው ለእጅ ይታዘዛል፤ በረጅም መንገድ ላይ ያለው መረጋጋትም ደስ ይላል። ነገር ግን ደብረ ማርቆስ ወይም ቡሬ ላይ ሆኖ መኪና መምረጥ ዱባይ ላይ ሆኖ እንደመምረጥ አይደለም። እዚህ ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ሲበላሽ ማን ይሠራዋል፣ ዕቃውስ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ደረጃዎቹን የደረደርኩት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

1. የቀረበልዎት መኪና ምን እንደሆነ በትክክል ይወቁ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ ምርጫዎ አገር ውስጥ ካሉት መካከል ነው። ይህ ለጃጓር ከባድ ዜና ነው። ድሮውንም ጥቂት ነበር፤ አሁን ቁጥሩ አይጨምርም። ፋብሪካውም ኤክስ ኤፍን ማምረት እ.ኤ.አ. በ2024 አቁሟል። ኩባንያው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። ባለቤቱም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሕንዱ ታታ ነው።

ኤክስ ኤፍ ሁለት ትውልድ አለው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. እስከ 2015፣ ሁለተኛው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ልዩነቱ ብዙ ነገር ስለሚቀይር ሻጩ «ጃጓር ነው» ሲል በዚያ አይለፉት። የሻንሲ ቁጥሩን ያንብቡ። አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ አለው፤ የጃጓር በኤስ ኤ ጄ ይጀምራል። ጃፓን ውስጥ የተሠራ መኪና በጄ ይጀምራል። በ4 የሚጀምር ካምሪ ካጋጠመዎት አሜሪካ የተሠራ ነው፤ ይህ ሊያሳስብዎ አይገባም።

መሪውንም ይመልከቱ። እንግሊዝም ጃፓንም በግራ በኩል ስለሚነዱ የአገራቸው መኪና መሪው በቀኝ ነው። የሚፈልጉት ሲመረት ጀምሮ ለውጭ ገበያ በግራ መሪ የተሠራውን ነው። ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ ከሆነ ይተዉት።

ሮቨር 75 ከቀረበልዎ ብዙ አያስቡ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2005 ከስሯል።

2. ከመኪናው በፊት መካኒኩን ይፈልጉ

ብዙ ሰው ይህን ከግዢ በኋላ ያደርገዋል። ቅደም ተከተሉን ይገልብጡት። ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ላይ የሚያምኑት ጋራዥ ይሂዱና ሦስት ነገር ይጠይቁ። ጃጓር ፈትቶ የገጠመ ሰው አለ? የጃጓርን የራሱን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚያነብ መሣሪያ አለ? የካምቢዮ ዘይት የሚቀይረው ማን ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ ወሳኝ ነው። በየጋራዡ ያለው ተራ ስካነር የሞተሩን ኮድ ያነባል። ኤክስ ኤፍ ግን በብዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች የሚሠራ መኪና ነው። ባትሪው ሲደክም ብቻ እንኳ የፍሬን፣ የካምቢዮና የሌላም ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሊያበራ ይችላል። የሚያነብለት ከሌለ መካኒኩ በግምት ዕቃ መቀየር ይጀምራል። ገንዘብ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ካምቢዮው ግን ጥሩ ዜና አለ። የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ሥራ ነው። ቢ ኤም ደብልዩም ከዚያው ኩባንያ ስለሚወስድ አዲስ አበባ ላይ የሚያውቀው ሰው ማግኘት ይቻላል። ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ጠንካራ ነው።

ሌክሰስ ኢ ኤስ 350 በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ የነበረው 3.5 ሊትር ሞተር ባለስድስት ሲሊንደሩ የቶዮታ ካምሪና ሃይላንደር ላይም ያለው ነው። ቶዮታ የሚሠራ መካኒክ ሌክሰሱን ሲከፍት የሚያውቀውን ነገር ያገኛል።

ጃፓን ሁሉ አንድ አይደለም ግን። ኒሳን አልቲማና ማክሲማ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ያለው አብዛኛው ባለአራት ሲሊንደር ሆንዳ አኮርድም ሲቪቲ የሚባለውን፣ ቋሚ ማርሽ የሌለውን ካምቢዮ ይዘዋል። በተለይ የኒሳኑ ብዙ ችግር ታይቶበታል። ኩባንያው አሜሪካ ውስጥ የአንዳንዶቹን ዋስትና እስከማራዘም ደርሷል። ስለዚህ «ጃፓን ነው» የሚለውን ብቻ ሰምተው አይግዙ።

3. ስልክ ይደውሉና ዋጋ ይጻፉ

አንድ ወረቀት ለሁለት ይክፈሉ። በአንድ በኩል ጃጓሩን፣ በሌላው ጃፓኑን ይጻፉ። ከዚያ ሶማሌ ተራ ያለ የሚያውቁት የመለዋወጫ ነጋዴ ጋር ይደውሉ። የእነዚህን ዋጋ ይጠይቁ፦ የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ፣ የፊት አሞርዛተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የፊት መብራት፣ የፊት መስተዋት፣ ፓራውልት።

ከዋጋው ይልቅ «አለ» እና «ይታዘዛል» የሚሉትን መልሶች ይቁጠሩ። «ከዱባይ ይታዘዛል» ማለት መኪናው ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። ዕቃው አዲስ አበባ ከገባ በኋላም ዓባይን መሻገር አለበት። መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ጎጃም ያለ ሰው ያውቀዋል። የፊት መስተዋት ደግሞ ቅንጦት አይደለም። ከፊት የሚሄድ ሲኖትራክ የሚወረውረው አንድ ጠጠር ይበቃዋል።

ከስድስቱ ሦስቱ «ይታዘዛል» ከተባሉና ሌላ የሚነዱት መኪና ከሌለዎት፣ በእኔ እምነት ጃጓሩ ለእርስዎ አይሆንም። ሌላ መኪና ካለዎትና ይህኛው የሰንበትና የዓውደ ዓመት ከሆነ ነገሩ ይለያል።

4. ጎማውን ያንብቡ፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ ይለኩ

ኤክስ ኤፍ ላይ 245/45 በ18 ወይም 245/40 በ19 የሚል ጎማ የተለመደ ነው። ሁለተኛው ቁጥር የጎማው ጎን ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። 245 በ45 በመቶ 110 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በ40 ሲሆን 98 ይሆናል። 205/65 በ16 የሚያደርግ ካምሪ ግን 133 ሚሊሜትር አለው። ጉድጓድ ሲመቱ ቸርኬውን ከመጣመም የሚያተርፈው ይህ የጎማ ሥጋ ነው። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ አይታይም፤ ያኔ ልዩነቱ በደንብ ይገባዎታል። በሰፈርዎ ያለውን ጎሚስታ ባለ18 እና ባለ19 ጎማ ያገኝ እንደሆነ ይጠይቁት። ተጠባባቂ ጎማ መኖሩንም ኮፈኑን ሳይሆን የኋላውን ሻንጣ ከፍተው ያረጋግጡ። አንዳንዱ መኪና በምትኩ መጠገኛ ዕቃ ብቻ ነው ያለው።

አራት ሰው አስቀምጠው ከመሬት እስከ ሆዱ ዝቅተኛ ቦታ በሜትር ይለኩ። ከ15 ሴንቲሜትር ብዙ ከወረደ፣ ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ለሚገባ ሰው ያስቸግራል።

አሉሚኒየሙም አለ። የሁለተኛው ትውልድ ኤክስ ኤፍ አካል ሦስት አራተኛው አሉሚኒየም ነው። ተለምዷዊው ባቲላሜራ ቀጥቅጦና በይዶ የሚያቀናው ብረትን ነው። አሉሚኒየም የራሱ ብየዳና የራሱ መሣሪያ ይፈልጋል። ባጃጅ በሚርመሰመስበት ከተማ በሩ መገጨቱ አይቀርም። በዚህ በኩል የመጀመሪያው ትውልድ ብረት ስለሚበዛው ይሻላል።

5. ወደ ዓባይ በረሃ ይዘውት ይውረዱ

ሻጩ ከፈቀደና መንገዱ ሰላም ከሆነ ከደጀን እስከ ድልድዩ ወርዶ መመለስን የሚያህል ፈተና የለም። ከሺህ ሜትር በላይ ይወርዳሉ፤ ያንኑ በሙቀት ይወጣሉ። ሲወርዱ ካምቢዮውን በእጅ ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ። ሞተሩ መኪናውን ይያዝ፤ በፍሬን ብቻ አይውረዱ። መሪው ወይም የፍሬኑ ፔዳል ቢንቀጠቀጥ ዲስኩ ተጣሟል ማለት ሊሆን ይችላል።

ሲወጡ የሞተሩን ሙቀት ይከታተሉ። ሱፐርቻርጀር (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ባለ3 ሊትር ቤንዚን ጃጓር የማቀዝቀዣ ውሃ የሚያስተላልፉ የፕላስቲክ ቱቦዎች አሉት። ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ። ባለ2 ሊትሩ ናፍጣ ደግሞ የሞተሩ ሰንሰለት ችግር ታይቶበታል፤ ጠዋት ሲነሳ የሰንሰለት ድምፅ ካሰማ ይለፉት። ከጉዞው በኋላ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁና የውሃውን መጠን ይዩ። ትኩስ እያለ ክዳኑን በፍጹም አይክፈቱ።

ለፍትሕ ሲባል የጃጓሩንም ጥቅም ልንገርዎ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ አየር በግፊት የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አምስት አንዱን ያህል ያጣል። ባለ2 ሊትር ቱርቦው ኤክስ ኤፍ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይሸፍናል፤ ዳገት ላይም ያስታውቃል። ኢ ኤስ 350 ግን 270 ገደማ የፈረስ ጉልበት ስላለው ቢቀነስበትም ከ200 በላይ ይተርፈዋል። የሚደክመው ባለአራት ሲሊንደሩ ካምሪ ነው። እሱም ቢሆን ቀስ ብሎ ይወጣዋል።

ቱርቦው ጥሩ ቤንዚን ይፈልጋል። የሚፈልገው ኦክቴን (የቤንዚኑ ደረጃ) የነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ያንብቡት።

6. ሲሸጡት ምን ይሆናል?

ሁለት የተለያዩ ደላሎችን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «ይህን መኪና ከሁለት ዓመት በኋላ ባመጣልህ በስንት ቀን ትሸጥልኛለህ?» ስለ ካምሪ ወዲያው ይመልሱልዎታል። ስለ ጃጓሩ ካመነቱ ማመንታታቸውን ከዋጋው ላይ ቀንሰው ይደራደሩ።

የእኔን ፍርድ ከፈለጉ፦ አንድ መኪና ብቻ ኖሮት ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ለሥራ ለሚመላለስ ሰው ኢ ኤስ 350 ወይም ካምሪ ይግዛ እላለሁ። ጃጓሩን የምመክረው መሣሪያ ያለው መካኒክ ላገኘ፣ ሌላ መኪና ላለው፣ ለጥገና የተለየ ገንዘብ ላስቀመጠና መኪናውን ከልቡ ለወደደ ሰው ነው። እንዲህ ላለ ሰው የመጀመሪያው ትውልድ ቤንዚን ኤክስ ኤፍ እውነተኛ ደስታ ይሰጠዋል።

7. ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር ያመሳክሩ። ከኤምባሲ ወይም ከድርጅት የወጣ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቁ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መኪና መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን ያረጋግጡ። ቦሎውን ይዩ፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም ከመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ያጣሩ። ከዋጋው ላይ የተወሰነውን ስም እስኪዛወር ድረስ ማስቀረትዎን ውሉ ላይ ያጽፉ።