ዝቅ ላለች ላዳ ትልቅ ቸርኬና ጎማ ሲመረጥ

ላዳ ከፋብሪካ የወጣችው በ13 ኢንች ቸርኬ ነው። ሞላዋ ዝቅ ሲል ያ ቸርኬ ፓራፋንጎው ውስጥ ተውጦ ያንሳል፤ ባለቤቷም ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ) ወርዶ ዓይኑ የወደደውን 15 ቸርኬ አሸክሞ ይመጣል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ቸርኬ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ መኪናዋ ዝቅ ትበል፣ ከዚያ ትለካ።

ዝቅታው ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ይበቃል። 2107 የተባለችው የላዳ ሞዴል ከመሬት ያላት ከፍታ 17 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከዚህ በላይ ከወረደች ከሰበታ ወይም ከለገጣፎ ሰፈር ውስጥ ወጥታ አስፋልት እስክትደርስ ድረስ ኮብልስቶኑና የፍጥነት መቀነሻው የሞተሯን ሆድ ይልሱታል። ትልቅ ቸርኬ ከፍታዋን ይመልሳል ብላችሁ አታስቡ፤ ከታች እንደምታዩት በትክክል የተመረጠ ጎማ ከፍታዋን ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ አይለውጠውም። ሞላ የሚቆረጥ ከሆነ በግራይንደር ይቆረጥ። በኦክስጅን እሳት ከተቆረጠ አካባቢው ጥንካሬውን ያጣል፣ ወይ ይቀመጣል ወይ ይሰበራል። የፊቱን ሞላ ያለ ማመቂያ መሣሪያ፣ በሰንሰለት ብቻ አስሮ ማውጣት ደግሞ ጣት የሚያስቆርጥ ሥራ ነው።

ሥራው ካለቀ በኋላ ሞላው ቦታውን እንዲይዝ አንድ ሳምንት ይነዳ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። የላዳ የኋላ አክስል በአግድም በተዘረጋ ዘንግ ከቦዲው ጋር የተያያዘ ነው፤ መኪናዋ ስትወርድ ዘንጉ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። ስለዚህ በአንዱ በኩል ጎማውና ፓራፋንጎው ይቀራረባሉ፣ በሌላው ይራራቃሉ። ሁለቱንም ጎን ለኩ፤ ቸርኬ የምትመርጡት በጠበበው ጎን ልክ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ላዳ የፊያት 124 ልጅ ስለሆነች የቡሎን ቀዳዳዎቿም የፊያት ናቸው፦ 4 ቀዳዳ በ98 ሚሊሜትር ክብ ላይ፣ የመሃል ቀዳዳ 58.6፣ ቡሎን 12 በ1.25 (ውፍረቱ 12፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊሜትር)። የፋብሪካው ቸርኬ ወርዱ 5 ጄ (5 ኢንች ማለት ነው)፣ ኢቲው 29 ነው። ኢቲ ማለት ቸርኬው ከሞዞው (ቸርኬው በቡሎን ከሚታሰርበት የመኪናዋ ክፍል) ጋር የሚገጥምበት ፊት ከወርዱ መሃል ስንት ሚሊሜትር ወደ ውጭ እንደወጣ የሚናገር ቁጥር ነው፤ ከቸርኬው ጀርባ ላይ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ። ቁጥሩ ሲያድግ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ በየቦታው የሚገኘውና ርካሹ ባለ 14 ቸርኬ የቪትዝ ነው፤ ፈተናውም እሱ ነው። አይሆንም፣ በሦስት ምክንያት። አንደኛ፣ ቀዳዳዎቹ በ100 ክብ ላይ ናቸው። ሁለት ሚሊሜትር በሜትር ስለማይታይ በካሊፐር ለኩ፤ በባለ 4 ቀዳዳ ቸርኬ ከአንዱ ቀዳዳ ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ትይዩው ውጨኛ ጠርዝ ያለው ርቀት ልኩን ይሰጣችኋል። የ100 ቸርኬ ላዳ ላይ ሲታሰር አንዱ ቡሎን በትክክል ይቀመጣል፣ ሌሎቹ በጎናቸው ተደግፈው ይገባሉ። መፍቻው ሲከብድ የጠበቀ ይመስላል፣ ግን ቡሎኑ ያረፈው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። መንገድ ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ቡሎኖቹ ቀስ በቀስ ይላላሉ። ሁለተኛ፣ የመሃል ቀዳዳው 54.1 ስለሆነ ሞዞው ላይ አይገባም። ቶርኖ ቤት ሊያሰፋላችሁ ይችላል፣ ግን ሦስተኛውን ችግር አይፈታም፦ 5.5 ጄ ሆኖ ኢቲው 45 ከሆነ የውስጥ ጠርዙ ከፋብሪካው ቸርኬ 22 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ፣ ወደ ቴስቲናው (የመሪው ዘንግ ጫፍ መገጣጠሚያ) እና ጎማውን ወደሚይዙት ክንዶች ይጠጋል። ይህን በወፍራም ስፔሰር (በቸርኬውና በሞዞው መሃል በሚገባ ቀለበት) ለማካካስ መሞከር በችግር ላይ ችግር መደረብ ነው።

የምትፈልጉት በ98 ክብ ላይ የተበሳ፣ 5.5 ወይም 6 ጄ፣ ኢቲው ከ20 እስከ 30 የሆነ ቸርኬ ነው። 5.5 ጄ በኢቲ 25 ወደ ውስጥ 2 ሚሊሜትር ብቻ ይገባል፣ ወደ ውጭ 10 ይወጣል። 6 ጄ በዚያው ኢቲ ወደ ውስጥ 9፣ ወደ ውጭ 17 ገደማ ነው። የፊያት ቸርኬ በ98 ክብ ካገኛችሁ የመሃል ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 58.1 ስለሆነ ግማሽ ሚሊሜትር በቶርኖ ማሰፋት በቂ ነው። ኢቲው ዜሮ የሆነ ሰፊ ቸርኬ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ኩሽኔታውን ግን ቶሎ ይጨርሰዋል።

ያገለገለ አልሙኒየም ቸርኬ ስትገዙ የውስጥ ጠርዙን ገልብጣችሁ እዩ። ተበይዶ የተቀባ ካለ ተዉት። ስንጥቅ ከጠረጠራችሁ ቦታውን ላምባ ቀብታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ በደንብ ጥረጉት፣ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት አልብሱት፤ ስንጥቅ ካለ ላምባው ተመልሶ ዱቄቱ ላይ ቀጭን እርጥብ መስመር ያወጣል።

የጎማው ስሌት ቀላል ነው። በ175/70 አር 13 ላይ 175 ወርዱ በሚሊሜትር፣ 70 መቶኛው፣ 13 የቸርኬው ኢንች ነው። ወርዱን በመቶኛው አባዙ፣ እጥፍ አድርጉት፣ የቸርኬውን ኢንች በ25.4 አባዝታችሁ ደምሩበት። የፋብሪካው 175/70 አር 13 ቁመቱ 575 ሚሊሜትር ነው። 185/60 አር 14 ደግሞ 578፣ 195/50 አር 15 ደግሞ 576። ሦስቱም የፍጥነት መለኪያውን አያዛቡም። የቪትዙ ጎማ 175/65 አር 14 ቁመቱ 583 ስለሚሆን እሱም ይሄዳል፣ በቀላሉ መገኘቱም ጥቅም ነው። 195/55 አር 15 ግን 595 ደርሶ ዝቅ ባለች መኪና ላይ ፓራፋንጎ ይነካል።

ከ14 እና ከ15 የትኛው? የጎማውን ግድግዳ እዩ፦ በ13 ቸርኬ 122 ሚሊሜትር፣ በ14 ቸርኬ 111፣ በ15 ቸርኬ 97። ክረምት ላይ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ አይታይም፤ 97 ሚሊሜትር ግድግዳ ላይ ጉድጓዱ ቸርኬውን ያገኘዋል። ከከተማ ዳር ለሚኖር ሰው መልሱ 14 ነው። 15 የሚመረጠው መኪናዋ ከአስፋልት የማትወርድ ከሆነ ብቻ ነው። ጎማው ላይ የተጻፉትን አራት የቀን ቁጥሮችም አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ ጎኑ ላይ ይሰነጠቃል።

አራቱን ከመግዛታችሁ በፊት አንዱን ተውሳችሁ አስገጥሙ። ፓራፋንጎው ውስጥ፣ ጎማው ሊነካ ይችላል ባላችሁት ቦታ ሁሉ የእንቁላል ያህል ሊጥ ለጥፉ። የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጫኑ፣ ሁለት ሰው ከኋላ ይቀመጥ፣ መሪውን ጥግ እስከ ጥግ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ አንዱን ጎማ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ላይ አውጡ። ከዚያ ሊጡን ነቅላችሁ ውፍረቱን ለኩ። በቀጠነበት ቦታ 10 ሚሊሜትር ከቀረ ደህና ነው። ከዚያ ካነሰ የፓራፋንጎውን ከንፈር ወደ ውስጥ ማጠፍ ይቻላል፤ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ ግን በሙቀት አለስልሱት፣ ካጠፋችሁት በኋላም ጸረ ዝገት ቀቡት።

ቡሎኑን በተመለከተ አሮጌው ለወፍራሙ አልሙኒየም ሊያጥር ይችላል። በእጅ ስታዞሩት ቢያንስ 10 ዙር መግባት አለበት። በጣም የረዘመ ከሆነ ደግሞ ከኋላ ታምቡሩ ውስጥ ያለውን ፍሬን ይነካል፤ ስለዚህ አስራችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩና አዳምጡ። ማጥበቂያው ከ60 እስከ 70 ኒውተን ሜትር፣ በመስቀል ተራ ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። አላይመንት ዝቅ ካደረጋችሁ በኋላ ግዴታ ነው። አየር ለ14ቱ ፊት 28፣ ኋላ 30 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ጎሚስታው ሳትነግሩት 40 ከሞላ ቆማችሁ አስቀንሱ።