ከጥምቀት ማግስት ወጣቱን በቤተ ክርስቲያን እንዴት እናቆየው?

ጥር 10 ከሰዓት ጎንደር ላይ ቆማችሁ እዩ። ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገድ የሚጠርጉት፣ ምንጣፍ እየጠቀለሉ ወደ ፊት የሚሮጡት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕዝቡን የሚያስተናግዱት ወጣቶች ናቸው። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ገባ ማለት ግን ብዙዎቹ እስከ ዓመቱ ተሰናበቱ ማለት ነው። በቀጣዩ እሑድ ቅዳሴ ላይ ብትፈልጓቸው አታገኟቸውም።

እኔም ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ሦስት ዓመት ምንጣፍ ሳነጥፍ ስምህ ማን ነው ያለኝ ሰው አልነበረም። በአራተኛው ቀረሁ። የመለሱኝ አንድ መሪጌታ ናቸው። መንገድ ላይ አግኝተውኝ "ቅዳሜ ና፤ ከበሮ የሚይዝ ጎድሎኛል" አሉኝ። ሄድኩ፤ እስካሁንም አለሁ። ከዚያ ወዲህ የማምነው ይህንን ነው፦ ወጣት የሚቆየው ሲቀር የሚጎድል ከሆነ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ለምታገለግሉ ሁሉ ሥራውን ከየት እንደምትጀምሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ለከተራ ስትዘጋጁ ሁለት ልጆችን ለምዝገባ ብቻ መድቡ። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ ሥራ ወይም ትምህርት ይበቃል። ረጅም ቅጽ ሰው ያሸሻል።

በሳምንት ውስጥ ደውሉ። የቴሌግራም ግሩፕ ፕሮግራም ለማሳወቅ ጥሩ ነው፤ ሰው የሚያመጣው ግን ስልክ ነው። የሚደውለውም እኩያው ይሁን። "ድካሙ ለቀቀህ? እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኝ" ካለው በቂ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት መዋጮ የሚባል ነገር አታንሡ። አብዛኛው ልጅ ሥራ ፈላጊ ነው፤ ኪሱ ባዶ ሲሆን አፍሮ ይቀራል።

በር ላይ የሚቆመውን ሰው አስባችሁ ምረጡ። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ የመጣች ልጅ ሱሪ ለብሳ ልትመጣ ትችላለች። አምስት ስድስት የታጠበ ነጠላ አዘጋጁና አንዲት እኅት በፈገግታ ታልብሳት። ሥርዓቱን ቀስ ብላ ትማረዋለች። በመጀመሪያ ቀኗ ሰው ፊት ከተገሠጸች ግን ሁለተኛ አትመጣም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ሥራ ስጧቸው። ጎንደር በዚህ ታድላለች። በአታ ለማርያም የአቋቋም፣ ማለትም መቋሚያ፣ ከበሮና ጸናጽል ተይዞ የሚዘመርበት ሥርዓት፣ ምስክር ቤት ናት። ከየአገሩ አቋቋም ለማስመስከር የሚመጣው እዚህ ነው። የከተማችን ልጅ ግን ጸናጽል ሳይጨብጥ ሠላሳ ዓመት ይሞላዋል። ይህ ያሳዝነኛል።

ከስምንት እስከ አሥር ልጆች ሰብስቡ። የደብራችሁን አንድ መሪጌታ ለምኑ። ቅዳሜ ከሰዓት የአንድ ሰዓት ተኩል ትምህርት ይበቃል። ለደብሩ ንግሥ የሚሆን አንድ ወረብ (በከበሮና በጸናጽል የሚዜም የግዕዝ መዝሙር) ብቻ ምረጡ፤ ሁለት አትጀምሩ። መሪጌታው የግዕዙን ቃል መጀመሪያ በአማርኛ ይፍቱላቸው። የማያውቁትን ቃል ማዜም ቶሎ ይሰለቻል። ከዚያ ያለ ምንም መሣሪያ ዜማውን በቃል ይያዙ። ለዚህ ሳምንታት ቢወስድባችሁ አትደንግጡ። ዜማው ከገባቸው በኋላ መቋሚያው ይምጣ፤ ከበሮና ጸናጽል መጨረሻ ላይ ናቸው። ከበሮውን ቀድማችሁ ከሰጣችሁ ሁሉም ወደ ከበሮው ይሻማል፤ ዜማው ይቀራል። እኅቶችም ከመጀመሪያው ቀን አብረው ይማሩ። የንግሡ ዕለት እናቶቻቸው እልል ሲሉላቸው ታያላችሁ፤ የዚያን ቀን ፊታቸውን አይቼ ጠግቤ አላውቅም።

ሁሉም ዜማ አይሆንለትም። ሒሳብ የተማረውን ደብሩን በሚያስተዳድረው በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ላይ አስቀምጡት። ኤሌክትሪክ የሚያውቀው ድምፅ ማጉያውን ይረከብ። የቤተ ክርስቲያን መተዳደሪያ ደንብ የሆነው ቃለ ዓዋዲ በሰበካ ጉባኤ ውስጥ ለወጣቱ ቦታ ሰጥቷል። ያ ተወካይ ቃለ ጉባኤ ፈርሞ የሚወጣ ብቻ ከሆነ ግን ወጣቱ ቶሎ ይነቃል። ሐሳቡን ጠይቁት።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ የጥያቄ ቀን ይኑር። ጥያቄው በወረቀት፣ ያለ ስም ይጻፍ። ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ፍቅር ጓደኝነት፣ ስለ ጫት ይመጣል፤ ከባድ ጥያቄም ይመጣል። አታጣጥሉት። መልስ የሚሰጡት ካህን "ይህን አይቼ ልመለስላችሁ" ቢሉ ክብራቸው አይቀንስም፤ እንዲያውም ልጆቹ ያምኗቸዋል። ብዙ ልጆች የንስሐ አባት የሚይዙት ከእንዲህ ዓይነቱ ቀን በኋላ ነው።

ሰንበት ትምህርት ቤት እስከ 30 ዓመት ድረስ ያሉትን ይይዛል። የ25 ዓመቱን የባጃጅ ሹፌር ከ14 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ክፍል አታስቀምጡት። ለሠራተኞች የተለየ ሰዓት ያዙላቸው።

ጎንደር የጤና ኮሌጁ ከተከፈተበት ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የተማሪ ከተማ ናት። ተማሪ ደግሞ ተመርቆ ይሄዳል። ስለዚህ አገልግሎት የያዘ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ አንድ ዓመት በፊት ተተኪ ያሠልጥን። ሲሄድም በሚሄድበት ከተማ ያለውን ደብር ጠይቃችሁ ከአንድ አገልጋይ ጋር በስልክ አገናኙት።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር 9 ማታ የአምናውን ደብተር ግለጡ። መምጣት ባቆሙት ልጆች ስም ላይ ምልክት አድርጉና ምንጣፉን ከማውጣታችሁ በፊት ለእያንዳንዳቸው ደውሉ።